ቀዩ የሙቀት ነው

ሰኞ ዕለት ባቲ ላይ መኪና ይዞ የተገኘ ሰው ሁለት ጊዜ ያማርራል፤ አንዴ ከገበያው መውጫ ሲያጣ፣ አንዴ ደግሞ መውጫው ሲገኝለት። ባለፈው ሰኞ ማሽላና ሽንኩርት የጫነች አይሱዙዬን ይዤ፣ ግመሉን፣ ፍየሉን፣ ባጃጁንና አስፋልቱን የአባቱ ርስት አድርጎ የቆመውን ገበያተኛ በመከራ አልፌ ወደ ሚሌ ቁልቁል ስወርድ፣ የፊት ግራ እግሯ መሽተት ጀመረ። ሽታውን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከላይ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ፣ ከሥሩ ደግሞ ድስት እሳት ላይ ሲረሳ የሚወጣው ዓይነት የዘይት ጭስ። ዳር ይዤ ቆምኩ። ረዳቴ ወርዶ ጣቱን በምራቁ አርሶ የእግሯን እምብርት፣ ሞዞውን፣ ነካ አደረገና እጁን እያራገበ፣ "ጋሼ፣ ደግሞ ቀለጠ!" አለኝ።

"ደግሞ" የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። በዓመት ውስጥ ሦስተኛዬ ነው።

ክዳኑን ስንከፍተው ግሪስ ተብሎ በገንዘቤ የገባው ነገር እንደ ቀጠነ ሽሮ ተንጠፍጥፎ ወጣ። ኩሽኔታው ደርቆ፣ ብረቱ ከሙቀት ብዛት ሰማያዊ መትቷል። ከቀለጠው ከፊሉ የዘይት መከልከያውን ጎማ፣ ፓራኦሊዮውን፣ አልፎ ሸራው ላይ ተለቅልቋል፤ ለካስ ፍሬን በነካሁ ቁጥር መሪው ወደ ቀኝ እየጎተተ ሲያታግለኝ የነበረው ለዚህ ነው። የግራው ሸራ ቅባት ጠጥቶ መያዝ ትቷል፣ ሥራውን ሁሉ ቀኙ ብቻውን ተሸክሞታል። ብረቱ እስኪበርድ ሁለት ሰዓት ፀሐይ ላይ ተቀመጥን። በዚያ መንገድ ላይ ብረት እስኪበርድ መጠበቅ ምን ማለት እንደሆነ ለባቲ ሰው አላስረዳም።

ጋራዥ ያለው ልጅ መልካም ልጅ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱም የእሱ ብቻ አይደለም። "አብሽሩ ጋሼ፣ ዛሬ ቀዩን እናደርግልዎታለን" አለኝ።

"ባለፈውስ ምን ነበር ያደረግኸው?"

"ሰማያዊውን።"

"ከዚያ በፊትስ?"

"እሱ ቢጫው ነበራ። ቢጫው እኮ ለእኛ አገር አይሆንም።"

"ቀዩስ?"

"ቀዩ የሙቀት ነው።"

ቢጫውን ሞከርን፣ ቀዩን ልንሞክር ነው፣ አረንጓዴ ቢጨመርልኝ ባንዲራው ይሞላልኛል፤ ሰማያዊውም ከመሀል ይገባል።

ይህችን "ቀዩ የሙቀት ነው" የምትባል ነገር ከከሚሴ እስከ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ እስከ ሚሌ ያልሰማሁበት ጋራዥ የለም። ሁሉም ይላታል፣ ከየት እንዳመጣት የሚነግረኝ ግን አላገኘሁም። የግሪስ ቀለም ፋብሪካው ደስ እንዳለው የሚበጠብጥበት ማቅለሚያ ነው። አንዱ አምራች ሙቀት የሚችለውን ቀይ ያደርገዋል፣ ሌላው ሰማያዊ፣ ሌላው አረንጓዴ፤ ርካሹንም ቀይ አድርጎ የሚሸጥ አለ። ይህ ቀለም ለዚህ ይሁን ብሎ ሁሉንም ያሰረ ደንብ የለም። ጥቁሩ ብቻ ትንሽ ለየት ይላል፤ ጥቁረቱ አብዛኛውን ጊዜ ግራፋይት ወይም ሞሊብዲነም ስለገባበት ነው። እሱም ቢሆን የሚረዳው ለጫናና ለፍትጊያ ነው፤ ሙቀት ስለመቻሉ ጥቁረቱ ምንም አይመሰክርም። በሁለት ጣቱ መሀል እየሳበ "ያውልዎ፣ እንደ ማር ሲለጠጥ!" የሚለኝም አለ። መለጠጡ የሚናገረው ስለ መጣበቁ ነው። ማርም ይለጠጣል፤ ባቲ ፀሐይ ላይ ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን ግን እናውቃለን።

እዚያው ገበያ ውስጥ ቅቤ ሻጮች ጥላ ፈልገው፣ ቅቤያቸውን ቅጠል አልብሰው ይቀመጣሉ። አንዷን ጠጋ ብላችሁ ዋጋ ብትጠይቁ "ለራስ ነው ለወጥ?" ትላችኋለች። ለራስ ከሆነ ለጋው፣ ለወጥ ከሆነ በሳሉ። የራስ ቅቤ ፀሐይ ሲነካው ወርዶ አንገት ላይ መንጠብጠቡ ያለ ነው፤ ለዚያም ተብሎ ነው የተቀባው። እሷ ይህን ሁሉ ለይታ አንድ ቅል ቅቤ ትሸጣለች። ግሪስ ሻጫችን ግን "ስንት ኪሎ?" ብቻ ነው የሚለው። ለባጃጅ እግር ይሁን ለሲኖትራክ ክሮቸራ፣ ለወፍጮ ይሁን ለበር ማጠፊያ፣ ያንኑ በርሜል በእንጨት ዛቅ አድርጎ ፌስታል ውስጥ ጥፍጥፍ ያደርግላችኋል። ቆርቆሮው ላይ የነበረው ጽሑፍ ከቆርቆሮው ጋር ይቀራል። ከዚያ በኋላ ያ ነገር ስም የለው፣ ቁጥር የለው፣ ቀለም ብቻ ነው ያለው። ገዢውም በቀለሙ ቢጠራው ምን ይፈረድበታል?

የሚገርመኝ እዚያው ቆመን ስለ ኩሽኔታ የምንከራከረው ነው። "የጃፓን ነው? ኦርጅናል ነው? ካርቶኑን አሳየኝ" እንላለን፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር ከተንሳፈፈ ወዲህ ደግሞ የመለዋወጫ ዋጋ ሲጠራ ሰው ግድግዳ ይደገፋል። ያንን ሁሉ ከፍለን የገዛነውን ኩሽኔታ ወስደን የፌስታል ግሪስ ውስጥ እንዘፍቀዋለን። እኔም እንደዚያው ነኝ፤ ሦስት ጊዜ።

ሦስተኛው ጊዜ ላይ ግን ነገሩን ከሥሩ ልየው ብዬ ጠያየቅሁ፣ አነበብኩም። ግሪስ ለካ ዘይት ነው። ከመቶው ከ70 እስከ 95 የሚሆነው ዘይት ሲሆን፣ ዘይቱ እንዳይፈስ አቅፎ የሚይዝ ማወፈሪያና ዝገትን፣ መበላትን፣ ማርጀትን የሚከላከል ጥቂት ቅመም ይጨመርበታል። እንጀራ ወጡን በዓይኑ እንደሚይዘው ማለት ነው። እንጀራው ሲበጣጠስ ወጡ እጅጌ ላይ ይወርዳል፤ የእኔም ሸራ የደረሰበት ይኸው ነው።

ማወፈሪያው ብዙውን ጊዜ ሳሙና ነው፤ በምሳሌ አይደለም የምላችሁ፣ የምር ሳሙና። ቅባት ከኖራ ጋር ሲዋሃድ የካልሲየም ሳሙና፣ ከሊቲየም ጋር ሲዋሃድ የሊቲየም ሳሙና ይሆናል። በዓለም ላይ የሚሠራው ግሪስ አብዛኛው የሊቲየም ዘር ነው፤ ክላረንስ ኧርል የተባለ አሜሪካዊ በ1942 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ካወጣበት ጊዜ ወዲህ ገበያውን ይዞታል። ለዚህ ሳሙና የሚሆነው ቅባት ደግሞ በዋናነት ከምን እንደሚወጣ ታውቃላችሁ? ከጉሎ ዘይት። ያ አጥር ሥር ያለ ጠሪ የሚበቅለው፣ ፍየል እንኳ ዞር ብላ የማታየው ጉሎ! ሊቲየሙም ቢሆን ጉጂ ውስጥ ቀንጢቻ ላይ ከታንታለሙ ጋር አለ። ጉሎው ጓሮዬ፣ ሊቲየሙ አገሬ፣ ግሪሱ ግን በጅቡቲ ዞሮ፣ በዚያው በሚሌ መንገድ ሽቅብ ወጥቶ፣ ቀልጦ ደግሞ ሸራዬ ላይ ይፈስልኛል።

አሁን ወደ ሙቀቱ። እያንዳንዱ ማወፈሪያ ዘይቱን ለቆ መንጠብጠብ የሚጀምርበት የራሱ ዲግሪ አለው፤ ትንሽ ጽዋ ውስጥ ግሪስ አድርገው ቀስ እያሉ ያሞቁትና የመጀመሪያዋ ጠብታ ስትወድቅ ቴርሞሜትሩን ያነባሉ። የጥንቱ የኖራ ግሪስ 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ፣ አንዳንዱም ሳይደርስ፣ እጁን ይሰጣል። ተራው ሊቲየም ከ180 እስከ 200 ይዘልቃል። ሊቲየም ኮምፕሌክስ የሚባለው 260 አካባቢና ከዚያ በላይ ነው። ካልሲየም ሰልፎኔት የሚሉት አዲሱ ደግሞ 300ን ያልፋል። በሸክላ አፈር የሚወፍርም አለ፤ እሱ ጭራሽ አይቀልጥም።

ይህን ባነበብኩ ማታ የፌስታሉን ቀይ ማንኪያ ላይ አድርጌ ከሰል ላይ ያዝኩት። ባለቤቴ ቡና ልታፈላ ያቀጣጠለችው ከሰል ነው፣ ማንኪያውም የእሷ ነው፤ የደረሰብኝን አልዘረዝርም። የአንድ ስኒ ቡና ጊዜ እንኳ ሳይሞላ ቀዩ እንደ በርበሬ ዘይት ማንኪያው ላይ ተንቀዋለለ። ከሰል ዲግሪ አይናገርምና ይህ ምርመራ አይባልም፤ እናንተም ቤት ውስጥ አትሞክሩት። ለእኔ ግን አንጀቴን አቃጥሎ ለማስተኛት በቂ ነበር።

ይበልጥ ያደከመኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። እሺ፣ ቆርቆሮው ላይ 260 የሚል ባገኝ ተገላገልኩ? አልተገላገልኩም። ያ ቁጥር የሚፈርስበት እንጂ የሚሠራበት አይደለም። ተራው ሊቲየም 190 ላይ ይንጠብጠብ እንጂ በቋሚነት የሚያገለግለው እስከ 120 ገደማ ነው፤ ኮምፕሌክሱም 260 ተጽፎለት በቋሚነት የሚታመነው እስከ 150 አካባቢ ነው። ያ የማይቀልጠው የሸክላውም እንዲሁ፤ እሱ ሳይቀልጥ ውስጡ ያለው ዘይት ያረጅና ይነናል፣ የሚቀረው ደረቅ አመድ መሰል ነገር ነው። በኩሽኔታ ሠሪዎች ዘንድ የተለመደ ስሌት አለ፤ ከ70 ዲግሪ በላይ ሙቀቱ በ15 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የግሪሱ ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል። እኛ ግን ደጋ ላይ ለሚነዳው የተባለውን ኪሎ ሜትር ተውሰን ባቲ ላይ እንቆጥራለን።

የኛ ቁልቁለት ምን ያህል ያሞቃል? ባቲ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሚሌ 500 አካባቢ። ጭነቷን ጨምሮ 7 ቶን የምትመዝን አይሱዙ ያንን 1,000 ሜትር ስትወርድ የምታወጣው ጉልበት፣ ሁሉም ወደ ሙቀት ቢለወጥ፣ 200 ሊትር ያህል ውኃ ከ20 ዲግሪ አንስቶ እስኪንተከተክ ያፈላል። አሥር ጀሪካን ማለት ነው። ከፊሉን ነፋስና ሞተሩ ይወስዱታል፣ በማርሽ የሚወርድ አስተዋይ ሹፌር ደግሞ ብዙውን ለሞተሩ ያስረክበዋል። የቀረውን የሚጠጣው ታምቡሩ ነው፤ ታምቡሩ ደግሞ ከሞዞው ጋር ታስሯል፣ ኩሽኔታው ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ውጭው ያበርድልኛል እንዳትሉ፣ ሚሌ ላይ ነፋሱ ራሱ 40 ዲግሪ ሆኖ ነው የሚቀበላችሁ። አዲስ አበባ ላይ ከመገናኛ ሜክሲኮ የሚመላለስ ሚኒባስ የሚቀባውን ግሪስ ቀብቶ እዚህ መውረድ በሸበጥ ዳሎል መሄድ ነው።

ኮምቦልቻ አንድ የጥንት መካኒክ ነበሩ፣ ሐጂ እንላቸዋለን። በአሰብ ዘመን፣ ከ1990 ዓ.ም. በፊት፣ ተሳቢው ሁሉ ከወደብ በባቲ በኩል ሲወጣ እጃቸው ዘይት ያልነካበት ቀን አልነበረም። ኩሽኔታ ሲያወጡ መጀመሪያ በናፍጣ አጥበው፣ አድርቀው፣ ብርሃን ላይ እያሽከረከሩ ያዩታል። ከዚያ ግሪሱን መዳፋቸው ላይ አድርገው ኩሽኔታውን በጠርዙ ጫን ጫን እያደረጉ፣ በሌላው ወገን በየጥርሱ መሀል ብቅ እስኪል ያጎርሱታል። ያኔ ልጆች ስለነበርን "ሐጂ እንጀራ እየጠቀለሉ ነው" እያልን እንስቅ ነበር። ግራሶ ይሉታል እሳቸው፤ ኩሽኔታውንም፣ ሞዞውንም፣ ግራሶውንም ከነስሙ ከጣሊያን መንገድ ሠሪ የተረከበ ትውልድ ነው።

አሁን የሚታጠብ ነገር የለም። "ጨምርበት" ነው። በቢጫው ላይ ሰማያዊ፣ በሰማያዊው ላይ ቀይ። የአንዱ ማወፈሪያ ከሌላው ጋር ላይስማማ ይችላል፤ የሸክላውና የሊቲየሙ ቢገናኙ ሁለቱም ለየብቻ ከነበሩት ይልቅ ሊቀጥኑ ይችላሉ። ደህናውን ገዝቶ ባልታጠበ ኩሽኔታ ላይ መጨመር ማለት እንግዲህ ደህናውንም ማጥፋት ነው። ደግሞ ሌላ ደግነት አለብን፤ መሙላት። "ጥግብ አድርገህ ሙላልኝ" ይላል ባለመኪናው፣ ረዳቱም ሞዞውን እስከ አፉ ይጠቀጥቀዋል። ኩሽኔታው ራሱ ይጥገብ፣ የሞዞው ባዶ ቦታ ግን ሲሶው፣ ቢበዛ ግማሹ ነው መያዝ ያለበት። ሲሞላ ግሪሱ መሄጃ አጥቶ እዚያው ይንቦጫረቅና በራሱ ፍትጊያ ይግላል። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉት በራሷ አሳጠረች እንዳለው ነው።

ስለ ቁጥሩም አንድ ነገር ልበልና ይውጣልኝ። ቆርቆሮው በዕድል እጃችሁ ከገባ "2" ወይም "3" የሚል ታገኛላችሁ። ሻጩ "3 ይሻላል፣ ለሙቀት ነው" ይላችኋል። ቁጥሩ የመወፈር ደረጃ ነው፤ በ25 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሾጣጣ ብረት ግሪሱ ላይ ተለቆ ምን ያህል እንደሚሰጥም የሚለካ ነው። ሁለት ቁጥር ላይ ከ26.5 እስከ 29.5 ሚሊ ሜትር ይገባል፣ ሦስት ቁጥር ላይ ከ22 እስከ 25። ከሙቀት ጋር ዝምድና የለውም። "ኢፒ" የሚለውም የጫና ነው። ለእግር ኩሽኔታ የሚፈለገው "ጂሲ" የሚል ምልክት ነው፤ "ኤልቢ" ደግሞ ከሥር ላለው መገጣጠሚያ ሁሉ፤ ሁለቱንም የያዘ "ጂሲ-ኤልቢ" ይባላል። አራት የላቲን ፊደል ነው ነገሩ። እነዚያን አራት ፊደላት ፌስታል ላይ አይቼ አላውቅም።

የከሚሴ ሰዎች ደግሞ ሌላ እሮሮ አላቸው። ክረምት ላይ ቦርከና ሲሞላ ከጨፋ በኩል የሚወጣው ባጃጅ እስከ ሞዞው ጭቃ ጠጥቶ ነው። ለእነሱ ውኃ የማያጥበው ግሪስ ይሻላቸዋል፤ የኖራው ውኃ ይችላል፣ ሙቀት አይችልም። እኔ ሐሙስ ከሚሴ ጭቃ ውስጥ ነኝ፣ ሰኞ ሚሌ ምድጃ ላይ። ሁለቱንም የሚችል አለ፤ ግን "ሁለቱንም የሚችል ስጠኝ" ስል ሻጩ ደግሞ ቀዩን ያሳየኛል።

እንዲህ ግሪሱ የቀለጠበት መኪና ቢገለበጥ ደግሞ ወሬው አጭር ነው፤ "ፍሬን እምቢ ብሎት"፣ "በፍጥነት ሲያሽከረክር"። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን። ለቦሎ ስንሄድ መብራቱ ይታያል፣ ፍሬኑ ይታያል፣ ሞዞ ተፈትቶ በውስጡ ያለው ሲታይ ግን አላጋጠመኝም። "የኤሌክትሪክ ግዛና ተገላገል" የሚሉኝ ወጣቶችም አሉ፤ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከልክሏል፣ እውነት ነው። የኤሌክትሪኩም ግን እግሩ በኩሽኔታ ነው የሚዞረው። የሞተሩ ኩሽኔታ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሊቲየም ጋር የማይዋደድ ግሪስ ነው የሚጠቀመው፣ አንድ ቀን አንዱ ቀዩን ይጨምርበትና እናያለን።

ትናንት ወደዚያው ግሪስ ሻጭ ዘንድ ሄድኩ። ልጣላ አልነበረም፣ ጉልበቱም የለኝ። በሩ ላይ ጤና አዳም የተተከለበት የፕላስቲክ ባልዲ አለ፤ ስንት ጊዜ አልፌው ገብቻለሁ። ጎንበስ ስል ጽሑፍ አለው። አፈሩን ጠረግ ጠረግ አድርጌ አነበብኩት፤ ሊቲየም ኮምፕሌክስ፣ ቁጥር 2፣ ጂሲ-ኤልቢ፣ መንጠብጠቢያው 260። ለዓመት የፈለግሁት ሁሉ እዚያ ተጽፏል። "ይኸኛው የት አለ?" አልኩት። "እሱ እኮ አልቋል ጋሼ፣ ቆየ። ግን ቀዩ አለ" አለኝ።

እባካችሁ እናንተ ግሪስ የምትሸጡልን ወንድሞች፤ ባልዲው ለጤና አዳም ይሁን፣ አልቀናም። ፌስታሉ ላይ ግን ከባልዲው የምታነቡትን ሁለት ቃል ጻፉልን። እስክሪብቶውን እኔ አመጣለሁ።